አንድ የሥልጣን ዘመን፣ ስድስት ሰው፦ የፑዌብላ አገረ ገዥዎች ጉዳይ

ዲሴምበር 24 ቀን 2018፣ የፈረንጆች ገና ዋዜማ ነው። ከሰዓት በኋላ አንዲት ሄሊኮፕተር የሜክሲኮ ግዛት ከሆነችው ከፑዌብላ ወደ ዋና ከተማዋ ሜክሲኮ ሲቲ ተነሳች። ብዙም ሳትርቅ ሳንታ ማሪያ ኮሮናንጎ በሚባል አካባቢ ማሳ ላይ ወደቀች። የተሳፈሩት አምስት ሰዎች በሙሉ ሞቱ። አንዷ የፑዌብላ አገረ ገዥ ማርታ ኤሪካ አሎንሶ ነበሩ። ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ገና አሥር ቀናቸው ነው። ሌላው ባለቤታቸው ራፋኤል ሞሬኖ ቫዬ ነበሩ። እሳቸውም እስከ 2017 መጀመሪያ ድረስ የዚያው ግዛት አገረ ገዥ ነበሩ።

ባልና ሚስት፣ ሁለት አገረ ገዥ፣ በአንድ ሄሊኮፕተር። ዜናው ያን ሰሞን ዓለምን ዞሯል። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ግን ከቀብሩ በኋላ የመጣው ነው። የአሎንሶ የስድስት ዓመት ዘመን ተጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ ስድስት ሰው ወንበሩን ያዘ። ከስድስቱ ሕዝብ የመረጠው ሁለቱን ብቻ ነው። የቀሩት አራቱ ከየት መጡ? ማን አስቀመጣቸው?

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ። ሜክሲኮ ስልም ረዳቶች “ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!” እያሉ የሚጣሩለትን አደባባይ ማለቴ አይደለም። አደባባዩም ቢሆን ስሙን እንዲሁ አላገኘውም። ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። እነሱም ዋና ከተማቸው ውስጥ ኢትዮጵያ የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አላቸው። ይህን ካልን እንቀጥል።

ወንበሩ

ፑዌብላ ከሜክሲኮ ሲቲ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ትርቃለች። ግዛቲቱ በ2020 ቆጠራ ከ6.5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበራት፤ 217 ማዘጋጃ ቤቶች አሏት። የቮልስዋገን ትልቁ የሜክሲኮ ፋብሪካ እዚያ ነው። በ1862 የፈረንሳይ ጦር የተመታውም እዚያ ነው። በምግብ በኩል ደግሞ ሞሌ የሚባለውን ወጧን ያልቀመሰ ሜክሲኳዊ አይገኝም፤ በርበሬና ቸኮሌት አንድ ድስት ውስጥ ይገባሉ።

እንዲህ ያለ ግዛት የሚገዛ ሰው ብዙ በጀት፣ ብዙ ሹመትና ብዙ ደጅ ጠኚ አለው። ጊዜው ግን ስድስት ዓመት ነው። ሜክሲኮዎች ይህን የስድስት ዓመት ዘመን ሴክሴኒዮ ይሉታል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው በዚያ ወንበር ላይ ዳግመኛ አይመረጥም። በሚቀጥለው ዘመንም ሆነ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በፍጹም። ሕጉ የ1910ሩ አብዮት ልጅ ነው። አብዮቱ የተነሳው ፕሬዚዳንት ፖርፊሪዮ ዲያዝ እየደጋገሙ “ተመርጠው” አልነሳም በማለታቸው ነበርና። የአብዮቱ የመጀመሪያ ተኩስም የተሰማው እዚሁ ፑዌብላ ከተማ፣ በእነ አኪሌስ ሰርዳን ቤት፣ ኖቬምበር 1910 ላይ ነው።

ራሱ መቆየት የማይችል ገዥ ምን ያደርጋል? የሚተካውን ያዘጋጃል። ፕሪ የሚባለው ፓርቲ አገሩን በሚገዛበት ዘመን ለዚህ የሚሆን ቃል ነበራቸው፦ ዴዳሶ። ጣት ቀስሮ መጠቆም እንደማለት ነው። ከላይ ያለው ይጠቁማል፣ ፓርቲው ያጨበጭባል፣ ሕዝቡ ሄዶ ኮሮጆው ውስጥ ይጨምራል።

ፑዌብላ ውስጥ ጣቱ ብዙ ጊዜ ወደ ዘመድ ይዞራል። ማክሲሚኖ አቪላ ካማቾ ከ1937 እስከ 1941 ገዙ። በዚያው ጊዜ ወንድማቸው ማኑኤል የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሌላው ወንድም ራፋኤል ደግሞ በ1951 መጥተው እስከ 1957 ቆዩ። ከማክሲሚኖ ቀጥሎ የገዙት ጎንሳሎ ባውቲስታ ካስቲዮ ነበሩ። ልጃቸው ጎንሳሎ ባውቲስታ ኦፋሪል በ1972 በአባታቸው ወንበር ተቀመጡ።

ጸጥ ያለ ርክክብም አልነበረም። ጄኔራል አንቶኒዮ ናቫ ካስቲዮ በ1964 የወደቁት በወተት ነው። አዎ፣ በወተት። ወተት ሁሉ በፋብሪካ ተፈልቶ ይሸጥ ሲሉ ወተት ሻጮች አመፁ፤ ተማሪዎች ተጨመሩ፤ ጄኔራሉ ወንበሩን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው ለቀቁ። ቀጥሎ በ1969 በጀመረው ሴክሴኒዮ ደግሞ ሦስት ሰው ተፈራረቀ። የመጀመሪያው በ1972 ዘመናቸውን ሳይጨርሱ ወረዱ። ሁለተኛው፣ ባውቲስታ ኦፋሪል፣ በሜይ 1973 የዩኒቨርሲቲው ሰዎች በተኩስ ከሞቱ በኋላ ወረዱ። ሦስተኛው የቀረውን ጨረሱ።

በ1972 የወረዱት ሰውዬ ስማቸው ራፋኤል ሞሬኖ ቫዬ ነው። የጦር ሐኪም ነበሩ። በሄሊኮፕተሩ የሞቱት የልጅ ልጃቸው ናቸው።

የልጅ ልጁ

የልጅ ልጁ ሞሬኖ ቫዬ በአያታቸው ፓርቲ በፕሪ ውስጥ አደጉ። በ2006 ለቀው ወደ ተቃዋሚው ፓን ገቡና ሴናተር ሆኑ። በ2010 የፑዌብላን ምርጫ አሸነፉ። ፕሪ ፑዌብላ ውስጥ ከሰማንያ ዓመት በላይ ሲያሸንፍ ኖሮ ያኔ የመጀመሪያውን ሽንፈት ቀመሰ። የሞሬኖ ቫዬ ቅንጅትም ጉድ ነበር፦ የቀኙ ፓን እና የግራው ፔአርዴ አንድ ላይ። ከእሳቸው በፊት የነበሩት የፕሪው ማሪዮ ማሪን በአንዲት ጋዜጠኛ መታሰር ጉዳይ በ2006 በወጣ የስልክ ቅጂ ስማቸው ጠፍቶ ነበርና ሕዝቡም አኩርፏል። (ማሪን በዚያው ጉዳይ በ2021 አካፑልኮ ውስጥ ተይዘዋል።)

አሁን ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ ቁልፉ ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። በሞሬኖ ቫዬ ጊዜ የግዛቲቱ ምርጫ ከፌዴራሉ ምርጫ ጋር በአንድ ቀን እንዲሆን ተወሰነ። ወጪ ይቀንሳል፣ መራጭ ይበዛል። ጥሩ ምክንያት ነው። ግን የፌዴራሉ ምርጫ በ2018 ስለሆነ ከ2017 እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ አጭር ዘመን መሙያ አስፈለገ። በስፓኒሽ “ትንሿ አገረ ገዥነት” አሏት። ሁለት ዓመት እንኳ አትሞላም።

ለትንሿ ዘመን የሞሬኖ ቫዬ ሰው የሆኑት ቶኒ ጋሊ ተመርጠው በፌብሩዋሪ 2017 ገቡ። ለትልቁ ዘመን ደግሞ ማን ቀረበ? የሞሬኖ ቫዬ ባለቤት። አሎንሶ በግዛቲቱ የፓን ዋና ጸሐፊ ነበሩ፤ ከቤት ተነስተው ድንገት የመጡ ሰው አይደሉም። ቢሆንም ተቃዋሚው ነገሩን በአንድ ዓይን ነው ያየው፦ ባል ይወርዳል፣ ወዳጅ ወንበሩን ያሞቃል፣ ሚስት ትወጣለች። እኔም ብሆን በአጋጣሚ ነው ለማለት ይከብደኛል።

አምስት ወር የፈጀ ምርጫ

ጁላይ 1 ቀን 2018 ሎፔዝ ኦብራዶር ፕሬዚዳንት ሆነው በሰፊ ድምፅ ተመረጡ። ፓርቲያቸው ሞሬና ፑዌብላንም ጠረገ። የፕሬዚዳንቱን ድምፅ ወሰደ። ከአጋሮቹ ጋር በግዛቲቱ ምክር ቤት አብላጫ ያዘ። አንድ ነገር ብቻ አመለጠው፦ አገረ ገዥነቱ። አሎንሶ 38 በመቶ ገደማ፣ የሞሬናው ሚጌል ባርቦሳ 34 በመቶ ገደማ አገኙ።

ሞሬና “ተሰርቋል” አለ። አንድ ሰው ለፕሬዚዳንት ሞሬናን መርጦ፣ ለምክር ቤት ሞሬናን መርጦ፣ ለአገረ ገዥ ሲደርስ እጁ የሚዞረው ለምንድን ነው ነው ጥያቄው። ፓን በበኩሉ ባርቦሳ ደካማ ዕጩ ስለሆኑ ነው አለ። ሁለቱም ያስኬዳል። ጉዳዩ ወደ ፌዴራሉ የምርጫ ፍርድ ቤት ሄደ። ድምፁ በሙሉ ዳግም ተቆጠረ፤ ቆጠራው አሸናፊውን አልቀየረም። ዲሴምበር 8 ላይ ፍርድ ቤቱ ድምፅ ሰጠ። ምርጫው ይሰረዝ የሚል ረቂቅ ቀርቦ ነበር። አራት ለሦስት ወደቀ። አንድ ዳኛ እጁን ወዲያ ቢያነሳ ኖሮ አሎንሶ ቃለ መሐላ አይፈጽሙም ነበር።

ዲሴምበር 14 ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ ያውም በምክር ቤቱ ፊት ሳይሆን በግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፊት። ምክር ቤቱ በሞሬና እጅ ስለነበር ነው። የፑዌብላ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዥ ሆኑ። ለአሥር ቀን።

ከአደጋው በኋላ ሐሜቱ እንደ ሰደድ እሳት ነበር። ይህን ያህል የተፋለሙበት ወንበር በአሥር ቀን ባዶ ሲሆን ማን ዝም ይላል? በስንብቱ ሥነ ሥርዓት የፌዴራሉ መንግሥት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሲገኙ ሕዝቡ ጮኸባቸው። ሎፔዝ ኦብራዶር አልሄዱም። በማርች 2020 ይፋ የሆነው የምርመራ ውጤት ጥፋቱን በሄሊኮፕተሯ ማረጋጊያ ሥርዓት ብልሽት ላይ አደረገ። ብልሽቱ ከአደጋው በፊት ይታወቅ ነበር፤ በዚያ ሁኔታ መብረር አልነበረባትም። የፈንጂ ምልክት አልተገኘም። ሐሜቱ ግን ሪፖርት አያነብም።

ተጠባባቂ፣ ጊዜያዊ፣ ተተኪ

የእኛ ጋዜጦች እነዚህን ሦስት ቃላት ያደባልቋቸዋል። ፑዌብላ ውስጥ ግን ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

ተጠባባቂው ወንበሩ ባዶ በሆነበት ቅጽበት ይገባል። ማንም አይመርጠውም። የግዛቲቱ የመንግሥት ጉዳዮች ጸሐፊ፣ ማለትም የካቢኔው ሁለተኛ ሰው፣ በሕግ ይይዘዋል። ሥራው ፋይል መፈረምና ምክር ቤቱን መጠበቅ ነው።

ጊዜያዊውን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው። ይህ የሚሆነው አገረ ገዥው በዘመኑ የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ከጠፋ ነው። ምክር ቤቱ ጊዜያዊ ይሰይምና ምርጫ ይጠራል። ሕዝቡ ተመልሶ ይመርጣል።

ተተኪውንም የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው። ግን ይህ ሁለቱ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ተተኪው ዘመኑን እስከ መጨረሻ ይጨርሳል። ምርጫ የለም። ሕዝብ አይጠየቅም።

ስለዚህ አንድ አገረ ገዥ በስንተኛው ወር ሞተ የሚለው ጥያቄ፣ ጭካኔ ይሁንብኝና፣ ማን ይተካዋል ከሚለው ጥያቄ ጋር አንድ ነው። ፑዌብላ ደግሞ በአንድ ዘመን ውስጥ ሁለቱንም መንገድ ሄዳበታለች።

የመጀመሪያው ሞት

አሎንሶ የሞቱት በአሥረኛው ቀን ስለሆነ መንገዱ ግልጽ ነበር፦ ጊዜያዊ፣ ከዚያ ምርጫ። የመንግሥት ጉዳዮች ጸሐፊው ሄሱስ ሮድሪጌዝ አልሜዳ ያኑ ዕለት ተጠባባቂ ሆኑ። እሳቸውም ወንበራቸው ላይ ገና አልሞቃቸውም፤ የአሎንሶ አዲስ ካቢኔ አባል ነበሩ። ሃያ ስምንት ቀን ቆዩ።

ክርክሩ ጊዜያዊው ማን ይሁን በሚለው ላይ ነበር። ፓን “ምርጫውን ያሸነፍነው እኛ ነን፣ ከእኛ ይሁን” አለ። አባባሉ ፍትሐዊ ይመስላል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ሕጉ “ምክር ቤቱ ይሰይም” ነው የሚለው፤ ምክር ቤቱ ደግሞ የሞሬናና የአጋሮቹ ነው። ፓን ጁላይ ላይ ምክር ቤቱን ሲያጣ ብዙም ያልተወራለት ነገር ጃንዋሪ ላይ ትልቁ ነገር ሆኖ ቁጭ አለ።

ጃንዋሪ 21 ቀን 2019 ስማቸው የወጣው ሰው ጊዬርሞ ፓቼኮ ፑሊዶ ነበሩ። ዕድሜያቸው 85። የቀድሞ የፑዌብላ ከተማ ከንቲባ፣ የቀድሞ የግዛቲቱ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት፣ የፕሪ አባል። አዎ፣ በ2010 የተባረረው ፕሪ። ከፓን አይደሉም፣ ከሞሬናም አይደሉም፣ ማንንም አያሰጉም። እኛ አገር ሁለት ወገን ሲጣላ ሽማግሌ መሀል ይገባል እንደምንለው ዓይነት ነው። ሰውዬው ግማሽ ዓመት ያህል ወንበሩን ጠበቁ። ከስድስቱ ሰዎች ሁሉ ጸጥታ የሰፈነበት ጊዜ የእሳቸው ይመስለኛል።

ልዩ ምርጫው ጁን 2 ቀን 2019 ተካሄደ። ባለፈው ጊዜ እንዳይደገም ብሔራዊው የምርጫ ተቋም ከግዛቲቱ ተቋም ተረክቦ ራሱ አካሄደው። ሞሬና ውስጥ አሌሃንድሮ አርሜንታ የሚባሉ ሴናተር ዕጩነቱን ፈልገው ነበር። ዕጩነቱ ለባርቦሳ ሆነ። አርሜንታ አልወደዱትም፤ ስማቸውን ያዙልኝ። ፓን የኢኮኖሚ ምሁሩን ኤንሪኬ ካርዴናስን አቀረበ። ባርቦሳ ወደ 45 በመቶ አግኝተው አሸነፉ፤ ካርዴናስ ወደ 33። የመጣው መራጭ ግን ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቴ ተሰለፍ የተባለ፣ በመካከሉም ቀብር ያየ ሕዝብ ቤቱ ቢቀመጥ አይፈረድበትም።

ባርቦሳ ኦገስት 1 ገቡ። ስድስት ዓመት አልተሰጣቸውም፤ የአሎንሶን ቀሪ ዘመን እስከ ዲሴምበር 2024 ነው የተረከቡት። አንደበታቸው ጉዳይ ያመጣባቸው ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የ2018ቱ ምርጫ የእሳቸው እንደነበር፣ እንደተሰረቁና እግዚአብሔር ሌቦቹን እንደቀጣ ተናገሩ። ሟቾቹ አፈር ከለበሱ ዓመት አልሞላም። በአገሩ ሁሉ ተወገዙ፤ በኋላ አባባሌ በትክክል አልተወሰደም አሉ። በማርች 2020 ደግሞ ኮሮና የሀብታም በሽታ ነው፣ ድሃው አይነካውም አሉ። ያኔ እኛም ጋ በፀሐይና በነጭ ሽንኩርት የተማመነ ስለነበር ብዙ አልስቅባቸውም።

ሁለተኛው ሞት

ባርቦሳ በስኳር ሕመም ብዙ የተሰቃዩ ሰው ነበሩ። ዲሴምበር 13 ቀን 2022 በ63 ዓመታቸው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ሞቱ። አሎንሶ ቃለ መሐላ ከፈጸሙ አራት ዓመት ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው።

አሁን ሁለቱ ዓመት አልፏል። ስለዚህ ምርጫ የለም። የመንግሥት ጉዳዮች ጸሐፊዋ አና ሉሲያ ሂል ተጠባባቂ ሆኑ፤ ሁለት ቀን። (በዚህ ዘመን ወንበሩን የያዙት ሴቶች ሁለት ናቸው። የሁለቱ ቀን ተደምሮ ሁለት ሳምንት አይሞላም።) ዲሴምበር 15 ምክር ቤቱ ተሰብስቦ ተተኪ ሰየመ። ማንን? ሰርሒዮ ሳሎሞን ሴስፔዴስን። ማን ነበሩ? የዚያው ምክር ቤት መሪ።

በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በ2019 ምክር ቤቱ ገለልተኛ ሽማግሌ ፈለገ፤ ስድስት ወር ብቻ ስለሆነና ሁሉም ወደ ምርጫው ስላፈጠጠ። በ2022 የቀረው ጊዜ ድፍን ሁለት ዓመት ነው፤ ምርጫ የለም፤ አብላጫው የአንድ ወገን ነው። ያኔ ምክር ቤቱ ከራሱ ቤት፣ የራሱን አለቃ አወጣ። ሕግ አልተጣሰም። ቴፔያካ የምትባለዋ ከተማ የቀድሞ ከንቲባ የሆኑት ሴስፔዴስ አንድም ሰው ለአገረ ገዥነት ሳይመርጣቸው ከባርቦሳ ቀጥሎ ረጅሙን ጊዜ ገዙ።

የሕጉ ሌላ ጠርዝ ደግሞ እሳቸውን ራሳቸውን አገኛቸው። ዘመኑን የጨረሰ ተተኪ በሚቀጥለው ዘመን መወዳደር አይችልም። ስለዚህ በ2024 ዕጩ መሆን አልቻሉም። ያለቀለት ወንበር ላይ ተቀምጠው ሌሎች ሲሻሙ ማየት ሆነ ሥራቸው።

የሚሻሙት ደግሞ ዘመዳሞች ነበሩ። ሞሬና ዕጩውን የሚለየው በሕዝብ አስተያየት ጥናት ነው። በ2023 ከፊት የወጡት ሁለት ሰዎች አሌሃንድሮ አርሜንታ ሚየር እና ኢግናሲዮ ሚየር ናቸው። ስማቸውን አይታችሁ እንደጠረጠራችሁት የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው። ኢግናሲዮ በፌዴራሉ ምክር ቤት የሞሬና ቡድን መሪ ነበሩ። ከባርቦሳ ዘመዶችም አንዱ ተወዳድረዋል። በፑዌብላ ፖለቲካ ሁሉም የሁሉም ዘመድ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም። ኖቬምበር ላይ አርሜንታ አሸነፉ ተባለ፤ ኢግናሲዮ ወደ ሴኔት ሄዱ። በ2019 ባርቦሳ የቀደሟቸው አርሜንታ ጁን 2 ቀን 2024 የፓኑን ኤድዋርዶ ሪቬራን ረትተው አገረ ገዥ ሆነው ተመረጡ። አርሜንታም እንደ ሞሬኖ ቫዬ ፖለቲካን የጀመሩት በፕሪ ውስጥ ነው። ፕሪ ፑዌብላን ካጣ ቆይቷል፤ የፕሪ ልጆች ግን ፑዌብላን አላጡም።

አርሜንታ ቃለ መሐላ የፈጸሙት ዲሴምበር 14 ቀን 2024 ነው። አሎንሶ ከማሉ ልክ ስድስት ዓመት፣ በቀኑ። የቀን መቁጠሪያው ብቻ ምንም አልተዛነፈም። ሴስፔዴስ በኋላ የአገሪቱ የፍልሰት ተቋም ኃላፊ ሆነው ተሾሙ። አርሜንታ እስከ 2030 ይገዛሉ። ሕጉ እንዳለ ከቆየ የእሳቸው የመጀመሪያ ሁለት ዓመት የሚሞላው ዲሴምበር 14 ቀን 2026 ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ወንበሩ ድንገት ባዶ ቢሆን የሚጠራው መራጩ ነው። በማግስቱ ከሆነ የሚጠሩት የምክር ቤቱ አባላት ናቸው።